ከአንድ ገበታ ሁለት ሠራዊት፦ የዌስት ፖይንት ዕጩ መኮንኖች በእርስ በርስ ጦርነት ዋዜማ

የጦርነት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የመጀመሪያው መድፍ ከተተኮሰበት ሰዓት ጀምሮ ነው። መድፉን የተኮሰው ሰው ከዚያች ሰዓት በፊት የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደተማረ፣ ከማን ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ እንደበላ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የጦር ትምህርት ቤት ታሪክ አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1861 ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተኩል፣ በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ወደብ፣ ከአንድ የመድፍ ምሽግ የተተኮሰ ጥይት ሰማዩን አቋርጦ ፎርት ሰምተር ከተባለው የፌዴራሉ መንግሥት ምሽግ በላይ ፈነዳ። አራት ዓመት የፈጀው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጀመረው በዚህ ምልክት ነው። ምልክቱን በአለቃው ትእዛዝ እንደተኮሰ የሚታመነው ወጣት ሌተናንት ሄንሪ ፋርሊ፣ ከአምስት ወር በፊት የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንን ነበር። የጥቃቱ የበላይ አዛዥ ጄኔራል ቦሬጋርድ በ1838 የተመረቀው ከዚያው ትምህርት ቤት ነው። ምሽጉን ይከላከል የነበረው ሻለቃ ሮበርት አንደርሰንም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ከዚህም አልፎ ቦሬጋርድን የመድፍ ትምህርት ያስተማረው እርሱ ራሱ ነው። በዚያች ሌሊት ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ላይ፣ የተማረውን ትምህርት መልሶ ተኮሰ።

ትምህርት ቤቱ

ዌስት ፖይንት ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የሀድሰን ወንዝ በሚጠማዘዝበት ከፍተኛ ቦታ ላይ የተቆረቆረ የጦር ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1802 ሲሆን፣ ትክክለኛ መልኩን የያዘው ግን ከ1817 እስከ 1833 በመራው በሲልቫነስ ቴየር ዘመን ነው። የትምህርቱ ምሰሶ ሂሳብ ነበር። ስለ ጦር ምሕንድስና የተጻፉት ምርጥ መጻሕፍት በፈረንሳይኛ ስለነበሩ ፈረንሳይኛ ግዴታ ነበር። የምሽግ አሠራርንና የጦር ስልትን ከ1832 ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ያስተማረው ፕሮፌሰር ዴኒስ ማሃን ነው። ኋላ በሁለቱም ወገን ጦር የመሩት ጄኔራሎች አብዛኞቹ የእርሱ ተማሪዎች ነበሩ።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚደንቅ አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ይገኛል። ሥዕል በዌስት ፖይንት ዋነኛ ትምህርት ነበር፤ አስተማሪውም የታወቀው ሠዓሊ ሮበርት ዊር ነበር። ተራራውንና ወንዙን፣ መንገዱንና ድልድዩን በወረቀት ላይ ማስፈር ያልቻለ መኮንን ጦሩን በጨለማ እንደሚመራ ይቆጠር ነበር። ኋላ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው ሠዓሊ ጄምስ ዊስለር በ1851 በዕጩ መኮንንነት ገብቶ በሥዕል ቢመሰገንም፣ በኬሚስትሪ ወድቆ በ1854 ተሰናብቷል።

ሥነ ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር። ያልተወለወለ ጫማ፣ የዘገየ እርምጃ፣ በሰልፍ ላይ የተሰማ ሳቅ ሁሉ በጥፋት ነጥብ ይመዘገባል። በስድስት ወር ውስጥ 100 ነጥብ የሞላበት ይባረራል። ኋላ ስሙ የገነነው ጆርጅ ከስተር በቆይታው 726 ነጥብ አከማችቶ፣ በየጊዜው ከመባረር አፋፍ ላይ እየተመለሰ፣ ከክፍሉ መጨረሻ ሆኖ ተመርቋል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የአገባቡ ሥርዓት ነው። ዕጩ መኮንኖቹ የሚመረጡት ከየምክር ቤት ወረዳው፣ በየወረዳው እንደራሴ ጥቆማ ነበር። በመሆኑም የሜይን ገበሬ ልጅ ከአላባማ የጥጥ እርሻ ባለቤት ልጅ ጋር፣ የኒው ዮርክ ነጋዴ ልጅ ከቴክሳስ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይጋራል፣ አንድ ዓይነት ግራጫ ልብስ ይለብሳል። ትምህርት ቤቱ የአገሪቱ ትንሽ መስተዋት ነበር። አገሪቱ ስትሰነጠቅ መስተዋቱ ሳይሰነጠቅ እንደማይቀር መገመት ይቻል ነበር። በኖቬምበር 1860 ከነበሩት 278 ዕጩ መኮንኖች ውስጥ 86ቱ ከደቡብ ግዛቶች የተመለመሉ ነበሩ።

የመስተዋቱ ጉድለት ደግሞ የማያሳየው ነገር ነበር። በ1860 ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች በባርነት ቀንበር ሥር ይኖሩ ነበር። የአገሪቱ የፖለቲካ ክርክር ሁሉ በእነርሱ ዕጣ ላይ የሚሽከረከር ሆኖ ሳለ፣ ከእነርሱ ወገን አንድም ዕጩ መኮንን በዚያ ግቢ አልነበረም። ዌስት ፖይንት ጦርነት እንዴት እንደሚካሄድ ጠንቅቆ አስተምሯል። ለምን እንደሚካሄድ ግን እያንዳንዱ ወጣት ከቤቱ ይዞት በመጣው ስንቅ እንዲመልስ ተትቷል።

ጠቡ ወደ ግቢው ሲገባ

ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ሌሊት፣ ጆን ብራውን የተባለ የባርነት ጠላት ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር ሆኖ፣ ባሮችን ለማስታጠቅና ለማስነሣት በማሰብ በቨርጂኒያ በሐርፐርስ ፌሪ የሚገኘውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። እርሱን እንዲይዝ የተላከው ጦር አዛዥ፣ ከ1852 እስከ 1855 የዌስት ፖይንት አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ሮበርት ሊ ነበር። ብራውን ቆስሎ ተማረከ፤ ዲሴምበር 2 ቀንም ተሰቀለ።

የዚህ ድርጊት ነጸብራቅ ወዲያውኑ ዌስት ፖይንት ደረሰ። ኤመሪ አፕተን የተባለ የኒው ዮርክ ገበሬ ልጅ፣ ወደ ጦር ትምህርት ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት አብረው በሚማሩበት በኦበርሊን ኮሌጅ ተምሮ ነበር። ባርነትን መጥላቱንም አይደብቅም። የደቡብ ካሮላይናው ዌድ ሃምፕተን ጊብስ ይህንኑ የኮሌጅ ሕይወቱን አንሥቶ ክብሩን የሚነካ ስድብ ተናገረ። አፕተን ቃሉን እንዲያስረዳ ጠየቀው፤ ጊብስም እምቢ አለ። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደባደቡ። ደረጃውና መተላለፊያው በደጋፊና በተቃዋሚ ተጨናነቀ። አፕተን ፊቱ ደምቶ ሲወጣ፣ የክፍል ጓደኛው የፔንሲልቫኒያው ጆን ሮጀርስ ከደረጃው አናት ላይ ቆሞ፣ ከዚያ በኋላ መጋጠም የሚሻ ካለ ይምጣ ሲል በታች የቆሙትን ሁሉ ተገዳደረ። ማንም አልወጣም።

በዚያን ጊዜ ዕጩ መኮንን የነበረው ሞሪስ ሻፍ በ1907 ባሳተመው የማስታወሻ መጽሐፍ ይህን ጠብ በሰፊው ተርኮታል። የሁለት ወጣቶች ድብድብ በትምህርት ቤት ሕይወት ውስጥ ብርቅ አይደለም። እዚህ ላይ የሚለየው ነገር፣ በደረጃው ላይ የቆሙት ተመልካቾች እንደ ወትሮው በክፍል ደረጃ ወይም በጓደኝነት ሳይሆን በትውልድ ግዛታቸው መከፈላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የደቡብ ልጅ የደቡብን፣ የሰሜን ልጅም የሰሜንን ልጅ የክፍል ጓደኛው አድርጎ መምረጥ እየተለመደ ሄደ።

በ1860 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ የደቡብ ልጆች በግቢው ውስጥ የሙከራ ምርጫ አካሄዱ። ለአብርሃም ሊንከን የተሰጠ ድምፅ በሣጥኑ ውስጥ ሲገኝ፣ ድምፁን የሰጡት እነማን እንደሆኑ ይፈለግ ጀመር። በምስጢር የመረጡት ከሰሜን የመጡት ወጣቶች፣ ብዙዎቹ በይፋ ሲጠየቁ ካዱ። ኋላ በመድፍ ፊት ያልፈሩ ሰዎች በዚያች ቀን የጓደኞቻቸውን ፊት ፈርተው ነበር።

የመለያየት ወራት

ሊንከን ኖቬምበር 6 ቀን 1860 ተመረጠ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 19 ቀን፣ ሄንሪ ፋርሊ ሥራውን ለቀቀ፤ በዚህም ከደቡብ ዕጩ መኮንኖች የመጀመሪያው ሆነ። ዲሴምበር 20 ቀን ደቡብ ካሮላይና ከሕብረቱ ተገነጠለች። ሌሎች ግዛቶች ሲከተሏት ዕጩ መኮንኖቹም አንድ በአንድ፣ ከዚያም በቡድን ይሄዱ ጀመር።

ከመሄዳቸው በፊት የነበረው የጭንቀት ጊዜ ግን ረዥም ነበር። አንድ ዕጩ መኮንን ሲገባ አገሩን ስምንት ዓመት ለማገልገል ይፈርማል። አገር ማለት ግን ምን ማለት ነው? ደመወዝ የሚከፍለውና ያስተማረው ሕብረት ነው? ወይስ አባቱ የተቀበረበት ግዛት? ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ አንዱን ይላል፤ የፈረመው ወረቀት ሌላውን ይላል። ለአሥራ ዘጠኝና ለሃያ ዓመት ወጣት ይህ ቀላል ሸክም አልነበረም።

ከስተር በኋላ ዘመን በጻፈው ማስታወሻ ከእነዚህ ስንብቶች አንዱን ተርኳል። ቻርልስ ቦልና ጆን ኬሊ የተባሉት የደቡብ ልጆች ሲሄዱ፣ የክፍል ጓደኞቻቸው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መርከቡ ማረፊያ ወሰዷቸው። ከስተር በዚያን ሰዓት በጥፋት ነጥቡ ምክንያት የቅጣት ጥበቃ ላይ ነበርና ሊሸኛቸው አልቻለም። ከሩቅ ባርኔጣቸውን ሲያወዛውዙለት፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ጠመንጃውን ለሰላምታ አቅርቦ ሸኛቸው። የሚያከብራቸው ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ጠላቶቹ እንደሚሆኑ ያውቅ ነበር።

አመራሩም ከዚህ መዋዠቅ የራቀ አልነበረም። ጃንዩወሪ 23 ቀን 1861 ቦሬጋርድ የትምህርት ቤቱ አዛዥ ሆነ። ከትውልድ ግዛቱ ከሉዊዚያና የመጣ አንድ ዕጩ መኮንን ሥራውን ይልቀቅ እንደሆነ ምክር ቢጠይቀው፣ እኔን ተከተል፣ እኔ ስዘል አንተም ትዘላለህ የሚል መልስ እንደሰጠው ይነገራል። ሥልጣኑ የቆየው አምስት ቀን ብቻ ነው። ጃንዩወሪ 28 ቀን ከቦታው ተነሣ፤ በሦስት ወር ውስጥም ከላይ እንዳየነው በቻርልስተን የመድፎቹ አዛዥ ሆኖ ተገኘ።

ፌብሩወሪ 22 ቀን የጆርጅ ዋሺንግተን ልደት መታሰቢያ ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ ተሰልፈው ወደ ጸሎት ቤት ሄደው፣ ዋሺንግተን ለሕዝቡ የተወውንና ከመከፋፈል የሚያስጠነቅቀውን የስንብት መልእክት ሲነበብ አዳመጡ። ማታ የሙዚቃው ጓድ በግቢው ውስጥ ሲያልፍ፣ ኋላ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን «ዘ ስታር ስፓንግልድ ባነር» ሲጫወት፣ የሰሜን ልጆች በመስኮቶቻቸው ብቅ ብለው፣ ከስተር እየመራቸው በእልልታ አስተጋቡ። የደቡብ ልጆችም በቴክሳሱ ቶማስ ሮሰር መሪነት «ዲክሲ» ለተባለው የደቡብ ዜማ ጮኹ። አንዱ ወገን ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ዜማው ጦር ሆነ፤ መስኮቶቹም ምሽግ። ከስተርና ሮሰር ግን የቅርብ ወዳጆች ነበሩ።

ሮሰርና የክፍል ጓደኛው የአላባማው ጆን ፔልሃም ዲፕሎማቸውን ለመቀበል ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተዋቸው ነበርና እስከ መጨረሻው ታገሡ። ፎርት ሰምተር ሲወድቅ ግን ከዚህ በላይ መቆየት አልቻሉም። ኤፕሪል 22 ቀን ሁለቱም ለቀቁ። የአምስት ዓመት ትምህርታቸውን በሁለት ሳምንት ተቀደሙ። በትምህርት ቤቱ የቀሩት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ፈጥነው ወደ ጦሩ እንዲላኩ በመጠየቃቸው፣ ሜይ 6 ቀን 45 ሰዎች ተመረቁ። የሚቀጥለው ክፍልም ጊዜው ተቆርጦ ጁን 24 ቀን 34 ተመራቂዎች ወጡ። የዚህ ክፍል መጀመሪያ ፓትሪክ ኦሮርክ፣ መጨረሻ ከስተር ነበር። ከስተር ጁላይ 20 ቀን ዋሺንግተን ደርሶ፣ በማግሥቱ በቡል ረን ጦር ሜዳ ላይ ነበር።

በጠቅላላው ከ86ቱ የደቡብ ልጆች 65ቱ ከመገንጠሉ በተያያዘ ምክንያት ወጥተዋል። የቀሩት 21 መሆናቸው ግን ሊዘነጋ አይገባውም። ፕሮፌሰር ማሃን በቨርጂኒያ ያደገ ሰው ሆኖ ሳለ ለሕብረቱ ጸንቷል። በ1840 የተመረቀው የቨርጂኒያው ጆርጅ ቶማስም እንዲሁ፤ ከሰሜኑ ታላላቅ ጄኔራሎች አንዱ ሆኗል። የትውልድ ቦታ ከባድ ክብደት ቢኖረውም ሚዛኑን ብቻውን አልደፋውም። ምርጫ ነበረ፤ ምርጫ ስለነበረም ኃላፊነት አለ።

የደቡብ የጦር ትምህርት ቤቶች

በደቡቡ ክፍል ያሉት የግዛት የጦር ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ መሰንጠቅ አልገጠማቸውም። እዚያ ዝግጅቱ በግልጽ የተካሄደ ነበር። ጆን ብራውን ሲሰቀል ለጥበቃ ከተሰለፉት መካከል የቨርጂኒያ የጦር ተቋም ዕጩ መኮንኖች ነበሩ፤ መድፎቻቸውን ያዝዝ የነበረው ኋላ «የድንጋይ ግንብ» የሚል ስም ያገኘው መምህራቸው ቶማስ ጃክሰን ነው። ጃንዩወሪ 9 ቀን 1861 ለፎርት ሰምተር ስንቅና ረዳት ጦር ይዛ በመጣችው «ስታር ኦቭ ዘ ዌስት» መርከብ ላይ የተኮሱት የቻርልስተኑ ሲታደል ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። በኤፕሪል 1861 ጃክሰን የቨርጂኒያ ዕጩ መኮንኖችን ይዞ ወደ ሪችመንድ ወረደ፤ ከእርሻና ከሱቅ ለመጡት አዳዲስ ወታደሮች ሰልፍ ያስተማሩት እነዚያ ልጆች ናቸው። ሜይ 15 ቀን 1864 በኒው ማርኬት ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ራሳቸው በእሳት ውስጥ ተሰለፉ፤ ዐሥሩ በዚያው ዕለትና ባገኛቸው ቁስል ሞቱ።

የአንድ መጽሐፍ ሁለት አንባቢዎች

ከጦርነቱ 60 ታላላቅ ውጊያዎች በ55ቱ ሁለቱንም ወገን የመሩት የዌስት ፖይንት ምሩቃን ነበሩ። ጦርነቱ አንድን መጽሐፍ ያነበቡ የሁለት ሰዎች ሙግት መሰለ። አንዱ ሌላው የሚያስበውን ያውቃል፤ ምሽጉ በምሽግ፣ ስልቱ በስልት ይመለሳል። ብዙዎች ፈጣን ይሆናል ብለው የገመቱት ጦርነት አራት ዓመት የፈጀበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በተለመደው ግምት 620 ሺህ ያህል፣ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ወደ 700 ሺህና ከዚያም በላይ ሰው አልቋል።

ፔልሃም ማርች 17 ቀን 1863 በኬሊስ ፎርድ ቆስሎ ሞተ፤ ዕድሜው 24 ነበር። ኦሮርክ ጁላይ 2 ቀን፣ የክፍል ጓደኛው አሎንዞ ኩሺንግ ጁላይ 3 ቀን 1863 በጌቲስበርግ ወደቁ። በትከሻ ተይዞ የተሸኘው ኬሊ የጄኔራልነት ማዕረግ ደርሶ በ1864 በ24 ዓመቱ ተገደለ። ኦክቶበር 9 ቀን 1864 ከስተርና ሮሰር በቶምስ ብሩክ ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ተፋጠጡ። ከስተር ከሰልፉ ፊት ወጥቶ ለአሮጌው ወዳጁ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ እንደነሣ ይተረካል። ከዚያም አጥቅቶ አሸነፈው።

ዐሥር ቀን ቆይቶ፣ ኦክቶበር 19 ቀን፣ በሲዳር ክሪክ የደቡቡ ጄኔራል ስቲቨን ራምዘር በጽኑ ቆስሎ ተማረከ። በ1860 የተመረቀ ወጣት ነበር። ልጅ እንደተወለደለት የሰማው በዚያው ሰሞን ነው፤ ልጁን ግን አላያትም። የሰሜኑ ጦር ሰፈር ባደረገበት ቤት ውስጥ ሲያጣጥር፣ ከስተርና የ1861 ክፍል አንደኛ የነበረው ሄንሪ ዱፖንት ከአልጋው አጠገብ ነበሩ። በማግሥቱ በቀድሞ ጓደኞቹ ፊት አረፈ። በዚያው ውጊያ ዱፖንት በጀግንነቱ ከፍተኛውን የአገሪቱን ኒሻን አግኝቷል።

ይህ ትዕይንት ልብ ይነካል፤ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ቆሞ ማሰብ ይገባዋል። የመኮንኖቹ ወዳጅነት እውነተኛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እጅ ለእጅ የተጨባበጡትም በዚሁ ወዳጅነት ነው። ነገር ግን በዚያ አልጋ ዙሪያ ያልተገኘ አንድ ወገን ነበር። ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች በሕብረቱ ጦር ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ በዲሴምበር 1865 የሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ ባርነትን ሲሽር በደማቸው ጭምር የተገኘ ድል ነበር። አንድም ጥቁር ከዌስት ፖይንት የተመረቀው ግን ሄንሪ ፍሊፐር በ1877 ሲወጣ ነው።

ከሀድሰን እስከ ጉራዕ

የዚህ ታሪክ አንዱ ክር ወደ አገራችን ምድር መድረሱን ሁሉም አንባቢ ላያስታውስ ይችላል። ጦርነቱ ሲያበቃ ሥራ ያጡ የሁለቱም ወገን መኮንኖች ነበሩ። የግብጹ ከዲቭ ኢስማኢል ሠራዊቱን ለማዘመን ቀጠራቸው። ጠቅላይ የጦር መምሪያውን የመራው የ1845 ምሩቅ የሰሜኑ ጄኔራል ቻርልስ ስቶን ነበር። በኖቬምበር 1875 የግብጽ ጦር በጉንደት ከተደመሰሰ በኋላ፣ ብድሩን ሊመልስ የተላከው ትልቅ ጦር ሲዘምት፣ የራቲብ ፓሻ የጦር መምሪያ ኃላፊ ሆኖ የመጣው በሜክሲኮ ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣው የደቡቡ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ነበር። ሎሪንግ የዌስት ፖይንት ምሩቅ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር የዘመቱት ግን የ1853 ምሩቅና የሰሜኑ ተዋጊ ዊልያም ዳይ፣ እንዲሁም የ1859 ምሩቅና የደቡቡ የምሽግ መሐንዲስ ሳሙኤል ሎኬት ነበሩ። ትናንት በአገራቸው ሲገዳደሉ የነበሩት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ማርች 1876 ማለትም በ1868 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ፣ በዛሬዋ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው ጉራዕ አንድ ሆነው በሌላው ሕዝብ ላይ ተሰለፉ። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ የተመራው ሠራዊት ድል አደረጋቸው። ዳይ በ1880፣ ሎሪንግ በ1884 ትዝታቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ።

በዚያው በማርች ወር 1876፣ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ የሜይ 1861 ክፍል ምሩቅ የነበረው አደልበርት ኤምስ የሚሲሲፒ ገዥነቱን ለመልቀቅ ተገደደ። ኤምስ ነፃ የወጡት ጥቁሮች የምርጫ መብት እንዲጠበቅ የቆመ ሰው ነበር። የጣለውም ያንን መብት በጠመንጃ የነጠቀው ኃይል ነው። በጁን ወር ደግሞ ከስተር በሊትል ቢግሆርን በአገሬው ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች እጅ ወደቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሦስት መንገዶች ታዩ፤ አንደኛው ሙያውን ለከፈለው ሸጠ፣ ሁለተኛው ሌላውን ሕዝብ ከመሬቱ ለማስነቀል ተጠቀመበት፣ ሦስተኛው ለተገፋው ሲል ሥልጣኑን አጣ።

የእርስ በርስ ጦርነት ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንድ የጦር ትምህርት ቤት ወጥተው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ በሬዲዮ እየለየ የተዋጋ ትውልድ በመካከላችን አለ። ስለዚህ የዌስት ፖይንት ታሪክ የሩቅ አገር ተረት ሆኖ ሊቀር አይገባውም። ሥነ ሥርዓት፣ ወዳጅነት፣ የሙያ ብቃት፣ ሁሉም በዚያ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ጦርነቱን ግን አላስቀሩትም። የጎደለው፣ ጠመንጃውን ከመጨበጥ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ለማን? በማን ላይ? ይህን ጥያቄ ወጣቶቹ በየግላቸው፣ በሌሊት፣ ከቤት የመጣውን ደብዳቤ ይዘው መለሱት። ጥያቄው በቀን፣ በክፍል ውስጥ፣ በመምህራን ፊት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ ለሁሉም አንድ ላይሆን ይችላል። በምስጢር መርጦ በይፋ የካደው ወጣት ግን ያመነበትን ቆሞ መናገርን ከመድፍ በፊት በተማረ ነበር።